ዋግ እና ዋጋ

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ላይ የስንዴ ዋጋ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቁጥር ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ «የየት አገሩን?» የአርሲው፣ የባሌው፣ የጎጃሙ በአንድ ሂሳብ አይጠራም። ደላላው ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት ኬሻው ጎን ሰክቶ ትንሽ ፍሬ መዳፉ ላይ ያፈሳል። በአውራ ጣቱ እያገላበጠ ያያል፤ አንዷን በጥርሱ ሰበር ያደርጋታል። ፍሬው ሞላ ያለ እንደሆነ ወሬው ወደ ብር ይሻገራል። የተጨማደደና የቀጨጨ እንደሆነ ግን አንዲት አጭር ፍርድ ትሰጣለች፦ «ዋግ መትቶታል።» ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ስንት ይቀነስ የሚል ብቻ ነው።

ዋግ ሲመታ ዋጋ ስለሚናጋ ሁለቱን ቃላት ከአንድ ሥር ሊያበቅላቸው የሚሞክር ጨዋታ አዋቂ መርካቶ ውስጥ አይታጣም። ጨዋታው ያምራል፤ ሥርወ ቃል ግን አይደለም። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና የሚያስቆጥር ቢሆን ዋግ ሹሞችንም የእህል በሽታ ሹሞች ልንላቸው ነው፤ የእነሱ ዋግ የአገው ምድር ስም ነው። የእህሉ ዋግ ራሱን ችሎ የቆመ አሮጌ ቃል ነው። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ባቀረበው ጸሎት ውስጥ ከአረማሞ፣ ከአንበጣና ከኩብኩባ ጋር ተሰልፎ ይገኛል። ኦሮምኛም ዋጊ ይለዋል።

እኔን ከስሙ ይልቅ የሚገርመኝ አብሮት የሚሄደው ግስ ነው። አማርኛ በሽታን «ያዘው» ይላል። ጉንፋን ይይዛል፤ ወባ ይይዛል። ዋግ ግን ይመታል። «መታው» የሚባልላቸው ደግሞ በረዶ፣ ውርጭ፣ መብረቅና ፀሐይ ናቸው፤ ከላይ የሚመጡት። ገበሬው ዋግን ከበሽታ ጎራ አውጥቶ ከአየር ጠባይ ጋር መድቦታል ማለት ነው። ሳይንሱ እዚያው የደረሰው ቆይቶ ነው። ዋግ ፈንገስ ነው፤ በቅጠሉና በአገዳው ላይ እየፈነዳ የሚበትነው ዱቄት መሰል ስፖር በነፋስ ተጭኖ ወንዝ፣ ድንበርና ባሕር ይሻገራል። ክፉኛ በተመታ ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው ከጉልበቱ በታች ቡናማ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ያንኑ ሱሪ ለብሶ አውሮፕላን የተሳፈረ እንደሆነ ደግሞ ነፋስም አያስፈልግ፤ በ1979 ቢጫ ዋግ አውስትራሊያ የገባው ከአውሮፓ በመጣ ተጓዥ ልብስ ላይ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌሎች ሕዝቦች ስሙን ያወጡት ከቀለሙ ነው። ሮማውያን ሮቢጎ አሉት፤ ቃሉ «ቀይ» ከሚለው ቃላቸው ጋር ዘመድ ነው። በስሙም አምላክ ቆመለት፤ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር፣ በእነሱ ኤፕሪል 25፣ ስንዴውን እንዲምርላቸው ቀይ ውሻ ያርዱለት ነበር። የእንግሊዝኛው ረስትም ከዚያው ከቀይነት ሥር የተቀዳ ነው፤ የብረቱንም የእህሉንም ይጠራበታል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የግብርና ጽሑፍ ላይ «የስንዴ ዝገት» የሚል ነገር ይታያል። ዝገት የብረት ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ የያዘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ብረት አይመታም፣ ይዝጋል።

ዕብራውያኑ ደግሞ ቢጫውን አዩ። በሰሎሞን ጸሎት ውስጥ እኛ ዋግና አረማሞ ባልንበት ቦታ ላይ ከቆሙት ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት አንዱ ዬራቆን ነው። ዕብራይስጥ በቃል መነሻ ላይ የነበረን ወ ወደ የ ይለውጣል፤ የእኛ ወለደ በእነሱ ያላድ፣ ወረደ ያራድ፣ ወረሰ ያራሽ ነው። በዚሁ ሕግ ዬራቆንን ወደኋላ ብንመልሰው ሥሩ ወ-ረ-ቀ ይሆናል። ከዚህ ሥር ግዕዝና አማርኛ ያወጡት ወርቅ የሚለውን ቃል ነው። መነሻው የቢጫና የአረንጓዴ ቀለም ስም ነበር። አንዱ ዘመድ ቢጫውን ጌጥ አደረገው፤ ሌላው የሞተ ማሳ ጠራበት።

የእኛ ዋግ ቀለም የለውም። ቀለሙ የሚጨመርለት ባለሙያ ሲመጣ ነው፦ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ፣ የግንድ ዋግ። ሦስቱ የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው፤ ከሁሉ የሚፈራው የግንዱ ነው። አገዳውን እየበላ የሞላውን ዛላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥሎ ሊያስተኛው ይችላል።

እህል በረንዳ ላይ ከዋግ ሌላ ያለው ቃል አብዛኛው መንገደኛ ነው። መርካቶ ራሱ የጣሊያን ነው፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ገፍተው «የአገሬው ገበያ» ሲሉት፣ አገሬው የሚለውን ትተን ገበያውን ብቻ ያዝን። በረንዳ ፖርቱጋሎችና ህንዶች የሚጋሩት ቃል ነው። ደላላ ከዐረብኛው ደላል ነው፤ መንገድ የሚያሳይ ማለት ነው፣ ቢያሳይም ባያሳይም። ጆንያ በዐረብኛ በኩል ከህንዱ ጎኒ መጣ። ፉርኖ ዱቄት ያልነው ስሙን ከጣሊያን ምድጃ ነው ያገኘው። ከሁሉ ረጅም መንገድ የሄደው ኩንታል ነው። ላቲን መቶ ከሚለው ቃል ሴንቴናሪየም አለ፤ ግሪኮችና ሶርያውያን ተቀበሉት፤ ዐረቦች ቂንጣር አደረጉት፤ አውሮፓ ከዐረብ መልሳ ወስዳ ኩዊንታሌ ብላ ሸጠችልን። አንድ መቶ ኪሎ ስንዴ ስንመዝን አምስት ቋንቋ አብሮ ሚዛን ላይ ይወጣል።

የአገር ልጅ ሆኖ የቀረው ዋግ የሚለው ቃል ነው። በሽታው ግን ከቃሎቹ ሁሉ በላይ ተጓዥ ነው፤ አንድ አገር ብቻውን ሊይዘው የማይችለውም ለዚህ ነው።

በ1998 ዊልያም ዋጎይሬ የተባለ የኡጋንዳ ተመራማሪ በአገሩ ደቡብ ምዕራብ ካሌንግዬሬ በተባለ የምርምር ቦታ፣ አይያዝም ተብሎ በተተከለ ስንዴ ላይ የግንድ ዋግ አየ። ናሙናውን ደቡብ አፍሪካ ለዋግ ተመራማሪው ለዛክ ፕሪቶሪየስ ላከው። ምርመራው አስደንጋጭ ነበር፤ አዲሱ ዝርያ ኤስአር31 የተባለውን ዘረመል አልፏል። ይህ ዘረመል ለአሥርት ዓመታት በዓለም ስንዴ ውስጥ ከቻይና እስከ አርጀንቲና የተዘራ መከላከያ ነበር። ዝርያው ዩጂ99 ተባለ፤ ኡጋንዳና የ1999 ዓመት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኬንያ ገባ፤ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ባሕር ተሻግሮ የመን፣ በ2007 ኢራን ደረሰ። በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ኖርማን ቦርሎግ ዘጠና ዓመት አልፎት በ2005 ናይሮቢ ላይ ዓለምን ያስጠነቀቀው በዚህ ነው። ለስንዴ ሊቅ የሰላም ሽልማት ሲሰጥ የገረመው ካለ፣ ዳቦ በተወደደበት ዓመት መንግሥታት ምን እንደሚሆኑ ያስታውስ። ከዚያ ጥሪ በኋላ የዓለም የዳቦ ስንዴ ናሙና ኬንያ ንጆሮ ላይ፣ የማካሮኒው ስንዴ ደብረ ዘይት ላይ እየተዘራ ሆን ተብሎ ለዋግ ይሰጥ ጀመር። ህንድ፣ ፓኪስታንና ሜክሲኮ ዘራቸውን ወደዚህ የላኩት ጠላታቸው ቤታቸው ሳይገባ ቀድመው እንዲያውቁት ነው።

ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ዩጂ99 ከማለት ቲቲኬኤስኬ ይሉታል። ስያሜው የራሱ ሰዋስው አለው። ዝርያው ሃያ የስንዴ ቡቃያዎች ላይ ይረጫል፤ ሃያዎቹ በአራት በአራት ተከፍለው አምስት ምድብ ናቸው። አራት ቡቃያ ሊያዝ ወይም ላይያዝ የሚችልበት መንገድ አሥራ ስድስት ነው፤ ለእያንዳንዱ ከቢ እስከ ቲ ካሉት የላቲን ፊደላት አናባቢዎቹ ወጥተው የቀሩት አሥራ ስድስቱ ተሰጥተውታል። በፊት ምድቡ አራት ነበር፤ ዩጂ99 ተለዋውጦ ሌላ መከላከያ ሲሰብር አምስተኛ ተጨመረና ስሙ በአንድ ፊደል ረዘመ። አናባቢ ስለሌለው ቃል ሊሆን አይችልም፤ የማንም አገር ስም ሊመስልም አይችልም። አስቀያሚ ስም ነው። ግን ስሙን ያየ ባለሙያ አምቦም ይሁን ሚኒሶታ፣ የትኛው መከላከያ እንደተሰበረ ወዲያው ያነብበዋል።

አምቦና ሚኒሶታ ያልኩት በከንቱ አይደለም። የአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል ከየማሳው የተለቀመ የተመታ አገዳ በወረቀት ከረጢት ይቀበላል፤ ራሱ ይመረምራል፣ ወደ ዴንማርክና ወደ አሜሪካም ይልካል። ሚኒሶታ ያለው የአሜሪካ የእህል በሽታ ቤተ ሙከራ ከውጭ የመጣ ሕይወት ያለው ዋግ የሚነካው በራሱ ክረምት ብቻ ነው፤ ውጭው በረዶ ሆኖ ማሳ ላይ አንድ ስንዴ በሌለበት ወቅት። ከመስኮት ቢያመልጥ የሚያርፍበት እንዳያገኝ።

ይህ ጥንቃቄ ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የግንድ ዋግን ስፖር በገፍ አምርታ አከማችታ ነበር፤ የጠላትን የስንዴ ማሳ ለመምታት። የተዘጋጀውም ስፖር የተነሰነሰበት የወፍ ላባ ሞልቶ ከአውሮፕላን የሚጣል ቦምብ ነበር፤ በራሪ ወረቀት ለመበተን የተሠራው ቀፎ ተለውጦ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ፕሮግራሙን ዘጋ፤ ክምችቱ ተቃጠለ፤ በ1972 የባዮሎጂ ጦር መሣሪያን የሚከለክለው ስምምነት ተፈረመ። ስለ ስፖሩ ዕድሜ፣ ስለሚበርበት ርቀት፣ ስለሚወደው እርጥበት ያኔ የተሠራው ሥራና በኋላ ስንዴ ለማዳን የተሠራው ሥራ ጥያቄያቸው አንድ ነበር። በአማርኛ ይህን ለመግለጽ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ተባባሪና አበሩብኝ ከአንድ ኀበረ የመጡ ናቸው። ማኅበርም ኅብረትም ከዚያው ነው። ቃሉ አንድ ላይ መሆንን ብቻ ይናገራል፤ በማን ላይ ወይም ለማን የሚለውን የሚነግረን አገባቡ ነው።

የስንዴ ዝርያ ስሞቻችንን ዝርዝር ደግሞ ማየት ነው። ላቀች፣ ዳሸን፣ እንኮይ፣ ኩብሳ፣ ዲገሉ። እያንዳንዱ በጊዜው አርሲንና ባሌን የሞላ የዳቦ ስንዴ ነው፤ እያንዳንዱን ዋግ ጥሎታል። ላቀች የሰው ስም ነበር፤ ከዋግ ግን አልላቀችም። ዳሸን በአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ተሰይሞ በ1988 ቢጫ ዋግ መታው። እንኮይ፣ የዱር ፍሬዋ ስም፣ በ1993 እና 94 በግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳ ሜክሲኮ ከሚገኘው የበቆሎና የስንዴ ማዕከል፣ ከሲሚት ሲመጣ ስሙ አቲላ ነበር፤ የሁኖቹ ንጉሥ። የአቲላ ወንድም በሰሜን ህንድ ሌላ ስም ይዞ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘራ። ሁለቱ የቆሙበት መከላከያ አንድ ስለነበር ሁለቱንም ያው ቢጫ ዋግ ፈታቸው፤ እኛ ጋ በ2010 ዓመቱ ክፉ ሆነ። ደግነቱ በዚያው ዓመት ሁለት አዲስ ዘር ወጥቶ ነበር። ሲሚት ማዳቀያዎቹን በወፍ ስም መጥራት ይወዳል፤ አንዱ ፒካፍሎር ነበር፣ በስፓኝ አበባ የምትቀስም ትንሽ ወፍ፤ ሌላው ዳንፌ፣ የኔፓል ብሔራዊ ወፍ። አርሲ ቁሉምሳ ያለው የምርምር ማዕከል ሲገቡ ፒካፍሎር ቀቀባ ተባለ፤ ዳንፌ ደንደአ ተባለ፣ በኦሮምኛ «ይችላል»። ከሂማላያ ተራራ ወፍ ስም ወደ አርሲ ግስ መሻገር ለአንድ ስንዴ ትንሽ መንገድ አይደለም። ገበሬውም ስሙን ወዶለታል።

ስጦታው ከወዲያ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የማካሮኒ ስንዴ ውስጥ የቲቲኬኤስኬን ጥቃት ከሚከላከሉት ዘረመሎች አንዱ ኤስአር13 ነው። ወደ አሜሪካው ስንዴ ከገባባቸው ምንጮች አንዱ ከኢትዮጵያ የተወሰደ የአገር በቀል ስንዴ ነው፤ መዝገብ ላይ ኤስቲ464 ተብሎ የሚጠራ። ደንደአ ስም አገኘ፤ ያ ስንዴ ቁጥር ብቻ ይዞ ቀረ። ከየትኛው ማሳ እንደተቆረጠ፣ ባለቤቱ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ሳይጻፍ።

ወደ ግሱ፣ ወደ «መታው» ልመለስ። የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲሚትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከ2017 ገደማ ጀምሮ ዋግን ልክ እንደ ዝናብ ይተነብያሉ። የየማሳው ቅኝት ይሰበሰባል፤ ነፋሱ ስፖሩን ወዴት እንደሚወስደው ይሰላል፤ የት አካባቢ መቼ ሊያርፍ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ በስልክ መልእክት ወደ ወረዳ ይደርሳል። ስሌቱን የሚሠራው ኮምፒውተራዊ ሞዴል ኔም ይባላል። ስሙ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሲወለድ ትርጉሙ «የኑክሌር አደጋ ሞዴል» ነበር። በ1986 ቼርኖቢል ሲፈነዳ ራዲዮአክቲቭ ደመናው አውሮፓን ሲያቋርጥ መድረሻውን የሚነግር መሣሪያ ስላልነበረ የተሠራ ነው። ኋላ የእሳተ ገሞራ አመድና የእንስሳት በሽታ ሲከታተሉበት ትርጉሙ ጠበበው፤ ፊደላቱን ሳይነኩ ፍቺውን ቀየሩት፣ አሁን የከባቢ አየር ሥርጭት ሞዴል ነው። ባሌ ላይ ፈንገስ ማጥፊያ መርጨት ይገባ እንደሆነ የሚመክረው መሣሪያ ከኑክሌር ፍራቻ የተወለደ ነው ማለት ነው፤ ገበሬውም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ መልእክቱ ከዋጉ ቀድሞ እንዲደርስ።

ሌላው መሣሪያ ማርፕል ይባላል። ከተመታ ቅጠል የፈንገሱን ዘረመል በቀናት ውስጥ የሚያነብ፣ በሻንጣ የሚያዝ ቤተ ሙከራ ነው፤ የእንግሊዙ የጆን ኢነስ ማዕከል ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሆለታ ላይ ሞከረው። ቀድሞ ናሙና ባሕር ማዶ ሄዶ መልሱ ሲመጣ አዝመራው ያልፍ ነበር። ስሙም ምህጻረ ቃል ነው ይባላል፤ ፊደላቱ ግን እንዲገጥሙ በጉልበት እንደተጎተቱ ያስታውቃል፤ ዓላማው የአጋታ ክሪስቲን መርማሪ አሮጊት፣ ሚስ ማርፕልን ማስታወስ ነው። ሳይንቲስቶችም ይቀልዳሉ።

ያላማረኝ ስያሜ ሌላ ነው። ኩብሳ ከወደቀ በኋላ ብዙው የአርሲና የባሌ ማሳ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ስሙን ያገኘው ከአርሲው ወረዳ ከዲገሉና ጢጆ ነው። በ2012 አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ በ2013 መኸር ዲገሉ የተዘራበትን ባሌ አደረቀው፤ አንዳንድ ማሳ ላይ ማጭድ የሚያስገባ አልተረፈም። ዝርያው በአምስቱ ፊደል ቲኬቲቲኤፍ ነው። ነገር ግን በዓለም ጽሑፎች ላይ «የዲገሉ ዝርያ» ተብሎ ተመዘገበ። ያንኑ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ሰፎክ በተባለ አውራጃ አንዲት የስንዴ አገዳ ላይ የግንድ ዋግ ተገኘ፤ በዚያ አገር ወደ ስድሳ ዓመት ያልታየ ነገር። ሲመረመር ቲኬቲቲኤፍ ነው፤ ጀርመንም በዚያው ዓመት ተመትታለች። በ2018 የወጣው ሳይንሳዊ ጽሑፍም የሰፎኩን አገዳ ከዲገሉ ስም ጋር አያይዞ ጻፈው። ያነበበ ሰው በሽታው ከአርሲ ተነሥቶ እንግሊዝ የገባ ይመስለዋል። ዝርያው ግን ኢትዮጵያ ከመታየቱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ በ2005 ቱርክ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። የቱርክ አልተባለም። ዲገሉ የሆነው ትልቁ ጉዳት እዚህ ስለደረሰ፣ ናሙናውም ቶሎ ተልኮ ቶሎ ስለተጻፈበት ነው።

ኡጋንዳም የደረሰባት ይኸው ነው። ዋጎይሬ ያየውን ዝም ቢል ኖሮ ዩጂ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ለሰው በሽታ የቦታ ስም እንዳይሰጥ መክሯል፤ ቀድሞ የተናገረ አገር በስሙ እንዳይቀጣ። ለእህል በሽታ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እህል በረንዳ ቆሞ የሚደራደር ሰው ይህን ለመረዳት ጉባኤ አያስፈልገውም፤ «የባሌው ዋግ አለበት» የሚል ወሬ አንድ ጠዋት ከተነዛ የባሌ ኬሻ ሁሉ፣ የዳነውም ጭምር፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ቀጣዩ ነጋዴም የስንዴውን አገር ሲጠየቅ ሌላ አገር መጥራት ይቀናዋል። በዓለም አቀፉ ቅኝትም የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ የሚዘገይ ናሙና፣ የማይላክ ከረጢት። ስለዚህ ቲኬቲቲኤፍ ቢያስቀይምም፣ ለምላስ ቢከብድም፣ ጋዜጣም ሬዲዮም እሱን ቢለምድ እመርጣለሁ። ዲገሉ የስንዴውና የወረዳው ስም ሆኖ ይቅር።